እስከ መጨረሻው ያላየሁት ዲስክ

ጥቅምት 9 ቀን 2002፣ ሰኞ

ትናንት ጨፋ ሮቢት ወርጄ የዘሊካን ሰርግ ቀረጽኩ። ሴቶች በተሰበሰቡበት ወንድ ካሜራ ይዞ ስለማይገባ የሴቶቹ ወገን የእኔ ነው። የወንዶቹን ጀሚል ቀረጸልኝ። ኤዲት ማድረግ ያስተማረኝ እሱ ነው፤ አሁን ሲዲ ቤቱ ጊዜ ስለማይሰጠው ካሴቱን ሰጥቶኝ ሄደ። እኔም ከመሥሪያ ቤት የጽሕፈት ሥራዬ በተረፈኝ ሰዓት እሠራዋለሁ።

እንዲህ የሳቅኩበት ሰርግ የለም። በሩ ሲዘጋ ዘሊካ ሻሿን ጣለች፣ ጨፈረች። ቀጥላ ፎጣ ጠምጥማ፣ ተስቢሕ መቁጠሪያ ይዛ፣ አማቿን ሐጂ አብደላን ሆና ገባች። የእህል ነጋዴው ሐጂ አብደላ! ግራ እግሩን እየጎተተ፣ ሴቶች ይሸፈኑ ብሎ በር ላይ ሦስት ጊዜ እያጉረመረመ። አንዷ እህቷ ገዢ ሆነችና «ትንሽ ይቀንሱ እንጂ ሐጂ» ስትላት ተስቢሑን እንዴት አድርጋ እንዳፈጠነችው! ሴቶቹ መሬት ላይ ተንከባለሉ። መጀመሪያ ላይ ካሜራዬ ደብዝዞብኝ ነበር፤ ደግነቱ ደገመችው።

ስወጣ እጄን ያዘችኝ። «ሙሚና፣ ይቺን እኔና እህቶቼ ብቻ ነን የምናያት። እሺ?»

«ወላሂ» አልኳት።

ጥቅምት 14፣ ቅዳሜ

ቀኑን ሙሉ ከድምፅ ጋር ስታገል ዋልኩ። የጀሚል ካሴት መጀመሪያው ልክ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ግን የቃዲው ከንፈር ሳይከፈት ድምፁ ይወጣል። ጀሚል ጋ ደወልኩ።

«አንዴ ጎትተሽ አታስተካክይውም፣ እታለም» አለኝ። «በየአምስት ደቂቃው ቁረጪው። በየቁራጩ ጭብጨባ ፈልጊ። እጅ ከእጅ ሲገጥም ድምፁም ይግጠም።»

ሠራ። ዘጠኝ ቦታ ቆረጥኩ። አሁን ቃዲው በራሱ አፍ ይናገራል።

ኮምፒውተሬ አርጅቷል፤ ሁለት ሥራ እያፈራረቅኩ ስከፍትበት ይደርቃል። ስለዚህ ሁለቱንም ፊልም አንድ መስመር ላይ ደረደርኳቸው፦ መጀመሪያ የወንዶቹ፣ ቀጥሎ ሁለት ደቂቃ ጥቁር ባዶ፣ ከዚያ ገና ያልተቆራረጠው የሴቶቹ። የወንዶቹን ሳወጣ የመነሻና የመድረሻ ምልክት ማድረግ ብቻ ነው። ጀሚል ይህን አይወድም። «ለየብቻ አድርጊው» ይለኛል ሁልጊዜ። የእሱ ኮምፒውተር አዲስ ነው፣ ምን ቸገረው።

ጥቅምት 19፣ ሐሙስ

ኤክስፖርቱ፣ የወንዶቹን ፊልም ማውጣቱ፣ ሁለት ጊዜ ከመሃል ቆመ። አንዴ መብራት ሄዶ፤ ከመቶ ሰማንያ ደርሶ ነበር። አንዴ ደግሞ ሃርድ ዲስኩ ሞልቶ። የድሮ ሰርጎችን አጥፍቼ ቦታ አስለቀቅኩ። የሙሽራው ቤት በየቀኑ ይደውላል። ሐጂ አብደላ እንግዶች ጠርቷል፤ ፊልሙን ሊያሳያቸው ነው።

ጥቅምት 23፣ ሰኞ

አልሐምዱሊላህ፣ ወጣ! መብራት እንደመጣ እንደገና ከፍቼ ለቀቅኩትና ሥራ ሄድኩ። አራት ሰዓት ይበቃዋል ያልኩት ስድስት ሰዓት ፈጀ። ሙቀቱ ነው። ዲስክ ላይ አልገባ ስላለም ጥራቱን ትንሽ ቀነስኩት። የመጀመሪያውን አሥር ደቂቃ አየሁ፤ ጥሩ ነው። መሃሉን ዘልዬ አየሁ፤ ድምፁ ገጥሟል። አሥራ ሁለት ኮፒ እንዲያወጣ ለጀሚል ሰጠሁት።

ጥቅምት 28፣ ቅዳሜ

የሴቶቹንም ጨረስኩ። የእኔ ድምፅ ሁለት ሦስት ቦታ ገብቶበት ነበር፤ ቆረጥኩት። የቀራጺ ድምፅ ፊልም ያበላሻል። አንዲት ዲስክ ብቻ አውጥቼ እዚሁ ከሚሴ አማቶቿ ቤት ሄጄ በዘሊካ እጅ አስቀመጥኩ። ባሏ ሙጂብ በር ድረስ ሸኘኝ፤ ሲያያት ዓይኑ ይስቃል።

ማታ ደወለች። ዴካቸው ዲስኩን አላነበበም። ጀሚል ጋ ወስዳ፣ እሷ ቆማ እያለች፣ ስክሪኑን አዙሮ በሌላ ዲስክ ቀዳላት። «የወንዶቹን ኮፒ ሲያወጣ ነው ያገኘሁት፤ ቀና ብሎ እንኳ አላየም» አለችኝ። የታመነ ሰው ነው።

ኅዳር 3፣ ሐሙስ

ያ ረቢ። ያ ረቢ።

እማ ከጎረቤት ሰምታ መጣች። ሐጂ አብደላ ቤት። ትናንት። አርባ ወንድ።

መጻፍ አልቻልኩም።

ኅዳር 4፣ ዓርብ

እማ የነገረችኝን እንዳለ ልጻፈው።

ሳሎኑ ሞልቶ ነበር። የከተማው ነጋዴዎች፣ ከባቲ የመጡ ደንበኞች፣ ሽማግሌዎች። የወንዶቹ ፊልም አለቀ። ቴሌቪዥኑ ጠቆረ። ሰዎቹ ወሬ ያዙ፤ ዴኩን የዘጋ የለም። ሁለት ደቂቃ። ከዚያ እልልታ መጣ። ዘሊካ ሻሽ የላትም። አንዳንዱ ፊቱን አዞረ፤ አንዳንዱ ምን እንደሆነ ሳይገባው ቀረ። ተነሥተው ሳያጠፉት ፎጣውን ጠምጥማ እግሯን እየጎተተች ብቅ አለች፤ ተስቢሑንም አፈጠነች።

አንድ ሰው ሳቀ። አንድ ብቻ። ሙጂብ ሮጦ ገመዱን ከግድግዳው ነቀለው።

ሐጂ ግን ተነሥቶ ወደ መኝታ ክፍሉ ሄደ አሉ፤ ያን ግራ እግሩን እየጎተተ። አርባ ሰው እግሩን አየው።

ዘሊካን በማግሥቱ አባቷ ጋ ጨፋ ሮቢት መለሷት። ሙጂብ አልፈታትም፤ ግን ያደረሳትም እሱ አይደለም።

«ጀሚል ነው» ትላለች እማ። ሰዉም ሁሉ ጀሚል ነው ይላል። የሴቶቹ ዲስክ እጁ ገብቶ ነበር፤ ለራሱ አስቀርቶ ይሆናል፤ ሲቀዳ ተቀላቅሎበት ይሆናል። ይሆናል። ሁለቱም ዲስክ እሱ ጋ ነበሩ። ማሽንም ይሳሳታል።

ኮምፒውተሩን አልከፈትኩም። መብራቱም ይዋዥቃል።

ኅዳር 6፣ እሑድ

የሐጂ እህት እትዬ ዘይና ቤታችን መጣች። ውሃ እንኳ አልጠጣችም።

«ሙሚና፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። ለጀሚል የሰጠሽው የወንዶቹን ብቻ ነው፣ አይደል?»

እማ ቀድማ «ታዲያስ! ልጄ እንዲህ ያለ ነገር ታደርጋለች?» አለች።

«እሷ ትመልስ» አለች ዘይና።

«አዎ» አልኩ።

የወንዶቹን ነው የሰጠሁት። የሰጠሁት የወንዶቹን መስሎኝ ነው። ያልኩት ውሸት አይደለም።

«እንግዲያው ጀሚል ነው» ብላ ተነሣች።

ሩዝ ቀርቦልኝ አልበላሁም። እማ አየችኝና ሳህኑን አነሣች።

ኅዳር 7

ከቢሮ ስመለስ የጀሚልን ሲዲ ቤት በወዲያኛው መንገድ አለፍኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ሰው የለም።

ኅዳር 9፣ ረቡዕ

ጀሚል መጣ። ከስቷል።

«አካም ጅርታ» አለኝ እንደ ድሮው። ደህና ነኝ አልኩት። በር ላይ እንደቆመ ነው፤ ግባ ስለው አልገባም።

«እታለም፣ ሰው ሁሉ የሚለውን ሰምተሻል። እኔ ሳላይ ነው የቀዳሁት፤ የሰጠሽኝን ማሽኑ ውስጥ ከትቼ አሥራ ሁለት አወጣሁ። እስቲ አስቢ፤ ከአንቺ ሲወጣ ንጹህ ነበር?»

«አይቼዋለሁ» አልኩት።

«እስከ መጨረሻው?»

«አይቼዋለሁ አልኩህ እኮ ጀሚል።»

ራሱን ነቀነቀ። አልተቆጣም። «እሺ፤ ካየሽው ካየሽው ነው» አለና የሚያስብ ሰው እንደሚያደርገው ጣቶቹን እየቆጠረ ሄደ። ሚስቱ ዓፊያ ልትወልድ ደርሳለች፤ እንዴት ናት ብዬ እንኳ አልጠየቅኩትም።

አሥር ደቂቃና መሃሉን አይቻለሁ። አይቼዋለሁ ማለት ይቻላል።

ኅዳር 10፣ ሐሙስ

ከሥራ ቀርቼ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ።

መድረሻው ላይ ምልክት የለም። መብራት ሲሄድ ጠፍቶ ይሆናል፤ ወይም ከመጀመሪያውም አላደረግኩት ይሆናል። ሲከፈት መስመሩ ሁሉ፣ ከቃዲው እስከ ዘሊካ ፎጣ ድረስ፣ አንድ ሆኖ ቁጭ ብሏል። ስድስት ሰዓት የፈጀው ለዚህ ነው። ዲስኩ ላይ አልገባ ያለውም ለዚህ ነው። እያንዳንዱ ነገር እየጮኸ ነግሮኝ ነበር።

ሃርድ ዲስኩ ሞልቷል። ቦታ ስለሚይዝ አንዳንድ ነገር አጠፋሁ። ያን ሥራም አጠፋሁት። ያለቀ ሥራ ነው፣ ማንም አይፈልገውም።

ኅዳር 14፣ ሰኞ

የጀሚልን የመስታወት መደርደሪያ ሰበሩበት። ማን እንደሆነ አይታወቅም። ቢሮ ውስጥ አንዱ ባልደረባዬ «እጁን ነው መስበር የነበረባቸው» ሲል ሰማሁ። ደብዳቤ እየጻፍኩ ነበር፤ አንዱን መስመር ሦስት ጊዜ ጻፍኩት።

ሽማግሌዎች ተመርጠዋል። ከዓረፋ በኋላ ማክሰኞ ሐጂ ቤት ይቀመጣሉ። ጀሚል ቁርዓን ይዞ ይምላል። ካልማለ ጥፋቱ የእሱ ነው፤ ከማለም ግማሹ ሰው አያምነውም።

እሱ ንጹህ ስለሆነ ይምላል። ከዚያ ያበቃል። ማንም አይጎዳም።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ መልሼ አነበብኩት። ማንም አይጎዳም ብዬ ጻፍኩ።

ኅዳር 18፣ ዓርብ። ዓረፋ

ሰላት ሜዳው ላይ ጀሚልን ከሩቅ አየሁት። ከሰገዱ በኋላ ሰው ሁሉ ይተቃቀፋል። እሱ ምንጣፉን ጠቅልሎ ብቻውን ሄደ። በዒድ ቀን።

ሥጋ ይዤ ዓፊያ ጋ ልሂድ አልኩ። እማ «ዛሬ እዚያ ቤት ማን ይገባል» አለችኝ። አልሄድኩም። እማ ናት የከለከለችኝ ልል አልችልም። የራሴ እግር ነው እምቢ ያለው።

ኅዳር 20፣ እሑድ

ዛሬ የሆነውን ሁሉ እጽፋለሁ።

ጠዋት ሚኒባስ ይዤ ጨፋ ሮቢት ወረድኩ። ለእማ ወዳጄ ጋ ነኝ አልኳት። በሸለቆው ማሽላ እየታጨደ ነው። በመንገዱ ሁሉ ለዘሊካ ምን እንደምላት ሳዘጋጅ ነበር፦ «አይዞሽ፣ ያልፋል፣ አላህ ያውቃል።» እንዲህ ያለ ነገር።

ግቢያቸው ውስጥ በቆሎ ስትፈለፍል አገኘኋት። አባቷ አየኝና ሰላም ብሎ ራቅ አለ። ዘሊካ ቀና አላለችም።

«አሥራ ስምንት ቀን ጠበቅኩሽ» አለችኝ።

«ቢሮ... ደግሞ ዓረፋም...»

«አሥራ ስምንት ቀን።»

አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ አንድ በቆሎ አንሥቼ መፈልፈል ጀመርኩ። እጄ ሥራ ከያዘ አፌ ይፈታል ብዬ ነው። «ጀሚል ማክሰኞ ይምላል አሉ» አልኳት።

«ጀሚልን ተይው። ፊልሙ ሲታይ የት እንደነበርኩ ታውቂያለሽ? ከግድግዳው ወዲያ፣ ጓዳ ውስጥ። ምስሉን አላየሁም፤ ድምፁን ግን ሁሉንም ሰምቻለሁ። ‹ድገሚው ዘሊካ፣ ደብዝዞብኛል! እግሩን አብልጠሽ ጎትቺው!› የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወንዶቹ የማን ድምፅ እንደሆነ አላወቁም። እኔ አወቅኩ።»

በቆሎው ከእጄ ወደቀ።

«በእኔ ዲስክ ላይ ያ ድምፅ የለም» አለች። «ደጋግሜ አይቼዋለሁ፣ ቆርጠሽዋል። ጀሚል ከእኔ ዲስክ ቢቀዳው ኖሮ ድምፅሽን ከየት ያመጣዋል? ከአንቺ ኮምፒውተር ነው የወጣው።»

አዎ። ድገሚው ያልኳት እኔ ነኝ። በዚህ ደብተር ላይ «ደግነቱ ደገመችው» ብዬ ነበር የጻፍኩት። ለራሴ በምጽፈው ደብተር እንኳ ድምፄን ቆርጫለሁ።

«ለምን አልተናገርሽም?» አልኳት።

«ለማን? ማን ሊሰማኝ?» አሁን ገና ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ ደርቋል፤ ያለቀሰችውን አልቅሳ ጨርሳለች። «ደግሞም በሰውዬው እግር የቀለድኩት እኔ ነኝ። አንቺ አስደገምሽኝ እንጂ የጀመርኩት እኔ ነኝ። የራሴን ይዤ ተቀምጫለሁ ሙሚና። የአንቺን ግን ልይዝልሽ አልችልም። መጥተሽ ትወስጃለሽ ብዬ ጠበቅኩሽ።»

ይቅርታ አልጠየቅኳትም። እስከ አሥር ሰዓት በቆሎውን አብሬያት ፈለፈልኩ። ስነሣ «ሙጂብ መጣ?» አልኳት። «አልመጣም» አለች።

ኅዳር 21

ነገ ነው። ለእማ ነገርኳት። «ማን ያገባሻል ከእንግዲህ?» አለች። ከዚያ ተነሥታ የምለብሰውን ጥቁር ጅልባብ ተኮሰችልኝ።

ኅዳር 22፣ ማክሰኞ

እትዬ ዘይና በር ላይ ያዘችኝ። «የወንዶች ሸንጎ ነው፣ ወዴት ነው?» አለች። «ዲስኩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አልኳት። እጇ ለቀቀኝ።

ሳሎኑ ውስጥ አሥር ያህል ሰዎች። ሐጂ አብደላ ከግድግዳው ጥግ፣ ሙጂብ ከበሩ አጠገብ። ጀሚል መሃል ላይ ተንበርክኳል፣ ቁርዓኑ ፊቱ፣ ውዱእ ያደረገበት ውሃ ከክንዱ ገና አልደረቀም። ደፉ ላይ ቆምኩ።

«ሐጂ፣ ይቅር በሉኝ። ጀሚል አይማል። ለእሱ የሰጠሁት ዲስክ ውስጥ ሁለቱም ነበሩ። ሳወጣው መጨረሻውን አልዘጋሁትም። ሳላየው ነው የሰጠሁት።»

አንዱ ሽማግሌ «ሰው ለማዳን ብላ ነው» አለ። ሌላው «ማስረጃሽ የታለ?» አለኝ።

«አጥፍቼዋለሁ።»

«ለምን?»

«እንዳይገኝብኝ።»

ይህን ስል ጀሚል ዞሮ አየኝ። ሐጂ እስካሁን ወለሉን ነበር የሚያየው፤ ቀና አለ።

«በፊልሙ ላይ ‹አብልጠሽ ጎትቺው› ያለችው ማን ነች?»

ይህን እንደማይጠይቀኝ ተስፋ አድርጌ ነበር። እስከ መጨረሻው ሰዓት፣ እዚያ ደፍ ላይ ቆሜም ቢሆን፣ ግማሹን ተናግሬ ግማሹን ይዤ ልመለስ ነበር የመጣሁት።

«እኔ ነኝ፣ ሐጂ።»

ከውጭ የባጃጅ ጡሩምባ ይሰማል።

«ቁርዓኑን አንሡት» አለ ሐጂ። «የሚማልበት ነገር የለም። አንቺም ሂጂ ልጄ። ዛሬ ይቅር ብዬሻለሁ ብልሽ አፌ ነው የሚለው። ጊዜ ስጪኝ።»

ሙጂብ ሳልወጣ ቀድሞኝ ወጣ። የሚኒባስ መናኸሪያው ወዳለበት ነው የሄደው፣ በሩጫ።

ኅዳር 27፣ እሑድ

ዘሊካ ተመልሳለች። እትዬ ዘይና ናት የነገረችኝ፤ መንገድ ላይ አስቁማ፣ ፈገግ ሳትል፣ ግን አስቁማ።

ሐጂ ያን ዕለት ማታ ሚስቱን «እውነት እንደዚያ ነው የምሄደው?» ብሎ ጠየቃት አሉ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ» አለችው። «ገዢ ሲከራከረኝስ ተስቢሑን አፈጥናለሁ?» ሲላት ግን ዝም አለች። ከእግሩ ይልቅ ያ ዝምታ ነው ያሳመመው። በማግሥቱ ሙጂብን ተከትሎ ራሱ ጨፋ ሮቢት ወረደና አባቷን «ልጄን ልወስድ መጣሁ» አለው።

ዘሊካ ቤቷ ገብታለች፤ ሥራዋን ትሠራለች። ሴቶች ሲሰበሰቡ «እስቲ አንድ አሳዪን» ቢሏት ግን አትነሣም።

ቢሮ ውስጥ አሁን ስገባ ወሬ ይቋረጣል። ሁለት ሰርግ ነበረኝ፤ ሁለቱም ሰረዙኝ። እውነታቸውን ነው።

ታኅሣሥ 3፣ ቅዳሜ

ጀሚል ጋ ሄድኩ። አሥራ አንድ ቀን ዘገየሁ። ዓፊያ ወንድ ልጅ ወልዳለች፤ ለሕፃኑ ልብስ ይዤ ነበር። አዲስ መስታወት አስገብቷል። ሲያየኝ ተነሥቶ ወንበር ሰጠኝ፤ ይህ ከስድብ የባሰ ነበር።

«ይቅርታ ልልህ ነው የመጣሁት» አልኩ። «ስምህን፣ ሥራህን...»

«ሥራው ይመለሳል» አለ። ልብሱን ተቀብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «ስሙም ይመለሳል። ሰው ይረሳል። አንድ ነገር ልንገርሽ ግን። ያን ማክሰኞ ምን ብዬ ልምል እንደነበር ታውቂያለሽ?»

«አላደረግኩም ብለህ ነዋ።»

«አይደለም።» እጆቹን አየ። «‹ካደረግኩትም አላስታውስም› ብዬ ነበር የምምለው። በበሩ ላይ ቆሜ ጠየቅኩሽ፤ አይቼዋለሁ አልሽኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚህ ቁጭ ብዬ የዚያን ቀን ሥራዬን አንድ በአንድ ስቆጥር ከረምኩ። የቱን ዲስክ አስቀደምኩ፣ የቱን አስከተልኩ፣ የዘሊካን ማሽኑ ውስጥ ረስቼው ይሆን? ዓፊያ ‹አንተ ነህ እንዴ?› ብላ ስትጠይቀኝ ‹እኔ ሳልሆን አልቀርም› አልኳት። በወሊዷ ዋዜማ።»

የሕፃኑን ልብስ ከጠረጴዛው አንሥቼ መልሼ አጠፍኩት።

«ሙሚና አትዋሽም ብዬ አመንኩ፣ እታለም» አለኝ። «አንቺ ካልሆንሽ፣ የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።»